የጸዳው በገና

አባቴ በገና ይደረድር ነበር ብዬ ልጀምርና ወዲያው ራሴን ላርም። ይደረድር የነበረው በዓቢይ ጾም ብቻ ነው፤ ያውም ከቢሮ ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦና የመኝታ ቤቱን በር ዘግቶ። የቤተ ክህነት ሰው አልነበረም። ዕድሜውን በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያረቅ የፈጀ ጸሐፊ ነበር፤ በገናውንም የያዘው እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ጸሎት ይመስለኛል። እኛ ልጆቹ ሲደረድር አይተነው አናውቅም። ድምፁ ወደ እኛ የሚደርሰው ጋዜጣ በተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ በኩል ነበር። በጆሮዬ የቀረውም ዜማው አይደለም፤ ከግድግዳ ወዲያ አንድ ሰው ለብቻው የሚያጉረመርም የሚመስል ነገር ነው።

ወይም እንዲያ ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜ «አስታውሳለሁ» በሚለውና «ይመስለኛል» በሚለው መካከል ያለው ድንበር ሳስቷል። የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ወጣቶችን «የአንድን ሰው ቃል ብቻ ይዛችሁ አንዳች ነገር አትጻፉ» እያልኩ አረጀሁ። ያ አንድ ሰው እኔ ስሆን ደንቡን ማላላት አይገባኝም።

በገናውን የወረስኩት እኔ ነኝ። መደርደር አልተማርኩም፤ ጠባቂው ብቻ ነበርኩ። በገናን ከሌሎች ባለ አውታር መሣሪያዎች የሚለየው ግዝፈቱ ብቻ እንደሆነ የሚያስቡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱም ውስጥ በባህል ጉዳይ ደመወዝ የሚበሉ ይገኛሉ። አውታሮቹ ከታች በሚያርፉበት፣ በርኩማ በሚባለው እንጨት ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የምትባል የጥፍር ያህል የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲነካ በቆዳዋ ጠርዝ ላይ እየተንቀጠቀጠ ያንን የሚነዝር ድምፅ ያወጣል። እንዚራዋ ጥቂት ስትገፋ ድምፁ ይለወጣል፤ ከነጭራሹ ስትነሣ የሚቀረው እንጨትና ጅማት ነው። ስለዚህ ደርዳሪ ሁሉ እንዚራዎቹን ለራሱ ጆሮ አስተካክሎ ያስቀምጣቸዋል። የአባቴ እንዚራዎች እሱ ባስቀመጣቸው ስፍራ ነበሩ። አውታር ሲበጠስ አንድ በአንድ እየለወጥኩ፣ ቆዳዎቹን ከቦታቸው ሳላናውጥ ዓመታት አሳለፍኩ። ከዚያ በቀር የእሱ ድምፅ በዓለም ላይ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም።

በቤት ቴፕ ልቀርጸው ሞክሬ አውቃለሁ። የካሴቱ እሽታና የእንዚራው ንዝረት ተደባልቀው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። በሌላ በኩል በጾም ወራት ሬዲዮ የሚያሰማው በገና ከዓመት ዓመት ወደ ትዝታዬ እየገባ፣ የአባቴን እየገፋ መሆኑን አስተዋልኩ። ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያ በገና በአባቴ እንዚራ፣ በደኅና መሣሪያ፣ አንድ ጊዜ በአግባቡ ይቀረጽልኝ፤ ከዚያ ትዝታዬ ልክ ይሁን ስህተት በገዛ ጆሮዬ ልፈትነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ ነበር ቤተ መዘክሩ የመጣው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ በኩል ባለው ዳገት ላይ የነበረ ትንሽ ቤት ነው። ዛሬ የለም፤ ስሙን መጥራትም አይጠቅምም። ጊዜው የቀድሞው ገዢ ግንባር በሥልጣን ላይ የነበረበት፣ መብራት በፈረቃ የምናገኝበት ጊዜ ነበር፤ ዓመቱን በርግጠኝነት ለመናገር አልደፍርም። የቤቱ ኃላፊ የነበረችው ሴት ቀልጣፋ ነበረች። ይህን ስል ላመሰግናት ፈልጌ አይደለም። ስብስቧን «ለማነቃቃት» አውሮፓ ተምሮ የተመለሰ አንድ ወጣት ቀጥራ ነበር። ወጣቱ ራሱን የድምፅ አርቲስት ይላል። ሙዚቃ ይጫወት እንደሆነ ብጠይቀው ጥያቄዬ ያረጀ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ።

«ጋሼ፣ ኮንሴፕቱ እንዲህ ነው» አለኝ፣ ኃላፊዋ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን። «ሙዚየም ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ዝም ብለዋል፣ አይደል? እኛ ድምፃቸውን እንመልስላቸዋለን። ጎብኚው ሲቀርብ ሴንሰሩ ያውቀዋል። ያኔ መሣሪያው ራሱ ይጫወታል።»

«ማንም ሳይነካው?»

«ማንም ሳይነካው። ፐርፎርመሩ ጎብኚው ነው። በቃ፣ መምጣቱ ራሱ ጨዋታ ነው።»

«በገና የሚደረድር ሰው ቁጭ ይላል» አልኩት።

«በዚህኛው ቆሞ ማለፍም ይቻላል» አለ፤ ደስ ብሎታል።

ልነሣ ነበር። ግን ኃላፊዋ መሣሪያዎቹ ሁሉ በባለሙያ እንደሚቀረጹ ተናገረች፤ እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ። በገናውን በውሰት ልስጣቸው፣ እነሱ ደግሞ ይቅረጹልኝ፤ እንዚራዎቹን ግን ማንም እንዳይነካቸው። ይህን ብዙ ጊዜ ደጋገምኩት። «እንደ ዓይናችን ብሌን ነው የምንጠብቀው» አለች ኃላፊዋ። እንዚራ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ያን ጊዜ ይህን እንደ እውቀት ቆጠርኩት።

ቀረጻው የተካሄደው ሲግናል አካባቢ፣ የሙሽራ ልብስ ከሚከራይበት ሱቅ በስተጀርባ ባለች ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ግድግዳዋ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበት ነበር። የስቱዲዮው ባለቤት በሠፈሩ ባለ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወት፣ የመዘምራንን ካሴትና ሲዲ በመቅረጽ የሚኖር ጎልማሳ ነበር፤ ጆሮው ጥሩ እንደሆነ ሁሉም ይመሰክርለታል። ለመደርደር የመጣው ሌላ ወጣት እንዚራዎቹን እንዳይነካ ስለምነው ፈገግ ብሎ እሺ አለኝ፤ ቃሉንም ጠበቀ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የአባቴ ድምፅ ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ፣ እኔ አባቴን የሰማሁት ከግድግዳ ወዲያ ነው፣ ይህ ግን እፊቴ ነው፣ እንዴት ላመሳክር እችላለሁ ብዬ ተጠራጠርኩ። ቢሆንም ልቤ አረፈ። ተቀርጿል። ቤቴ ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳ ወዲያ ሆኜ የምሰማበት ጊዜ ይመጣል።

የምርቃቱን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። ንቀት ትዝታን ከፍቅር ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፤ ቢያንስ በእኔ እንዲያ ሆኗል።

ወጣቱ አርቲስት የመጀመሪያውን ሴንሰር ከበሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ተክሎት ነበር። እንግዳ ሲገባ እምቢልታ እንዲቀበለው ታስቦ ነው። ነገር ግን ያ መንገድ ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ነው። እኔ ስደርስ ሴቶቹ በየተራ እያለፉ፣ እምቢልታውም ለእያንዳንዷ ለንጉሥ እንደሚነፋ ሁሉ እየጮኸላት ነበር። አንደኛዋ ከነሸክሟ ቆማ ድምፅ ማጉያውን ተመለከተችው።

«ምን ሁኚ ነው የሚለኝ ይሄ?»

«እንኳን ደህና መጣሽ ነው የሚልሽ» አላት ዘበኛው።

«እየሄድኩ አይደል እንዴ» አለችና አለፈች። እምቢልታው ሸኛት። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሴቶቹ በላይኛው ገደል ዞረው መሄድ እንደ ጀመሩ ኋላ ሰማሁ። ወጣቱ ይህንን «ሕዝቡ ከሥራው ጋር ያለው መስተጋብር» ብሎ በንግግሩ ጠቀሰው።

ከክፍለ ከተማው የመጡት ኃላፊም ተናገሩ። የእሳቸው ንግግር ስለ እኩልነት ነበር። በስብስቡ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ሕዝቦች የተገኙ ስለሆነ፣ ለሁሉም እኩል የድምፅ ጊዜ እንዲሰጥ በእሳቸው ጽሕፈት ቤት ተወስኗል። ከበሮውም፣ ዋሽንቱም፣ ማሲንቆውም፣ በገናውም በአንድ ልክ ተቆርጠዋል። የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች ሕዝቦች ይህን ጠይቀው እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ፤ ስለ ሌላ ነገር ብዙ ጠይቀዋል። በገና ገና ለመጀመር የሚፈጀው ጊዜ ለከበሮ ይተርፋል። ይህን ለማወቅ ግን አንድ ጊዜ መስማት ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ ወደ አዳራሹ ገባን። ሰዉ በየመሣሪያው ፊት እየቆመ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ አንድ እየተራመደ ያስጮኻቸዋል። የተማሩ፣ ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ዶሮ እንደሚያባርሩ ሁሉ እጃቸውን ሲወነጭፉ አየሁ። የአባቴ በገና በመጨረሻው መስታወት ውስጥ ነበር። ዘይት ተቀብቶ ያበራል። ቀረብኩ፤ ጮኸ።

እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። ንጹሕ ነበር። እንደ ታጠበ ብርጭቆ ንጹሕ ነበር። እያንዳንዱ አውታር ክብ ድምፅ አውጥቶ ዝም ይላል፤ ትልቅ ክራር ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ፣ የሆቴል ጊታር ነው ብትሉኝም አልከራከርም። ንዝረት የለም። የሚያጉረመርም ሰው የለም። ዜማው መሐል ላይ ሲደርስ በእኩልነት ተቆረጠ። ከኋላዬ አጨበጨቡ።

ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብዬ በርኩማውን አየሁ። ባዶ ነበር። ተፍቆ፣ ተወልውሎ፣ አውታሮቹ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ተኝተዋል።

ኃላፊዋን ፈልጌ አገኘኋት። «እንዚራዎቹ የት አሉ?» አልኳት።

«ምኖቹ?»

«ከአውታሮቹ ሥር የነበሩት ቆዳዎች።»

ፊቷ በራ። «እሱማ አጽድተነው እኮ ነው። ብል የበላው ቁርጥራጭ ነገር ሥሩ ተሰግስጎ ነበር። ከቀረጻው እንደ ተመለሰ ሁሉንም በጥንቃቄ በወረንጦ አነሣንልዎ።»

«ያነሣችሁትን የት አደረጋችሁት?»

«ከቆሻሻው ጋር ነዋ» አለች። የቤቱ ቆሻሻ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ በጓሮ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር ይቃጠላል። «አይዘኑ ጋሼ፣ ድምፁ እኮ ቀድሞ ተቀርጿል።»

ይህ ብቻ እውነት ነበር፤ ስለዚህ ከሁሉም ይበልጥ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ቀረጻው የተደረገው እንዚራዎቹ ሳሉ ነው። ታዲያ ከድምፅ ማጉያው የወጣው ንጹሕ ነገር ምንድን ነው? ወይስ አባቴ ሁልጊዜ እንዲህ ይሰማ ኖሮ፣ ማጉረምረሙን ከግድግዳው፣ ከጋዜጣውና ከልጅነቴ የቀዳሁት እኔ ነኝ?

መውጫው በሌላ ክፍል በኩል ነበር። በዚያ ክፍል የቤት ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ቅልና ሞሰብ፣ ከመሐላቸውም በሐረግ የተሠራ ትልቅ የንብ ቀፎ ነበር። ሳልፍ ሴንሰሩ አወቀኝና ከባዶው ቀፎ የንቦች ድምፅ ተነሣ። በዚህን ጊዜ ቆም ብዬ ግድግዳ ያዝኩ። የአባቴ መኝታ ቤት በር ትዝ አለኝ። ለራሴም እንዲህ አልኩ፦ ይኸው፣ በገናው ፊት ያልመጣልህ አባትህ በንብ ጫጫታ ይመጣልሃል፤ እንዲህ ያለ ምስክር ይዘህ ነው ሰው የምትወቅሰው። በራሴ አፍሬ ወጣሁ። ኮተቤ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ እስክገባ ድረስ እምቢልታው ከኋላዬ ነበር።

ቅሬታዬን በማግስቱ በቃል አቀረብኩ። መልሱ ግምገማ ነበር። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ግምገማን ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልጅ ግን፣ ጥፋተኛውና የተበደለው ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሁለቱም እኩል ጥፋታቸውን የሚናዘዙበት ስብሰባ ነው እላለሁ። ለስላሳና ብስኩት ቀረበ። እኔ «ባለድርሻ አካል» ተብዬ ከክቡ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ኃላፊዋ ግለ ሂስ አደረገች። «በጽዳት ሥራው ላይ ከሚጠበቅብን በላይ ተግተናል፤ ይህ እንደ ክፍተት ሊያዝ ይችላል» አለች። ወጣቱ አርቲስት ከባለድርሻ አካላት ጋር በቂ ዲስከሽን አለማድረጉን ተናዘዘ። ከክፍለ ከተማው የመጡት ሰው አንገታቸውን እየነቀነቁ ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አባታችን፣ እርስዎስ በበኩልዎ ምን ያዩታል? በእርስዎ በኩል ክፍተት የለም?»

«የእኔ ክፍተት በርኩማው ላይ ያለው ነው» አልኳቸው።

ሳቁ፤ ጥሩ ቀልድ መሰላቸው። ከዚያ መፍትሔ ወደሚሉት ሄዱ። ቆዳ ከሆነ ቆዳ ከመርካቶ ይገዛል አለ አንዱ። ወጣቱ ፕላስቲክ ይሻላል፣ ብል አይበላውም አለ። ሦስተኛው፣ ድምፁ ከኮምፒውተር የሚመጣ ስለሆነ መሣሪያው ላይ ምን ቢኖር ምን ባይኖር ለውጥ እንደሌለው አስረዳ፤ ከሁሉም በላይ የተጨበጨበለትም እሱ ነው። እኔ የማንም ቆዳ ሳይሆን የአባቴን ቆዳዎች ስፍራ እንደምፈልግ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስፍራውን ፍቀው ዘይት ቀብተውታል፤ ምልክቱም የለም። በማጠቃለያው ክፍተቱ «የጎላ አይደለም» ተባለ፤ እኔ ደግሞ ጉዳዩን ከግል ስሜት ለይቼ እንዳይ ተመከርኩ። አንድም ክፉ ሰው እዚያ ስብሰባ ውስጥ አልነበረም። ክፉ ሰው ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ያጠፋውን ነገር ምንነት ያውቅ ነበር።

የቀረኝ መንገድ ሲግናል ነበር። ያልጸዳው ቅጂ ካለ እዚያ ነው።

ባለ ስቱዲዮው ወንበር አቀረበልኝ። መብራት ስላልነበረ በሩን ከፍቶ በብርሃን ተቀመጥን፤ ከወዲያ የሙሽራ ልብስ አከራይዋ ከደንበኛዋ ጋር ስለ ወገብ ልክ ትከራከራለች።

«ጋሼ፣ በገናው እንዴት ወጣልን?» አለኝ።

«ንጹሕ ነው» አልኩት።

«ደክሜበታለሁ እኮ። ሥሩ የሆነ ዝዝዝ የሚል ነገር ነበረው። የግራውንድ ችግር መስሎኝ ሽቦ ሁሉ ቀየርኩ። የጎረቤቴን ፍሪጅ ነቀልኩ፣ ስፌቷን አስቆምኩ፣ ሰደበችኝ። እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ በኮምፒውተር ለይቼ አወጣሁት።»

«ዝዝታው በገናው ነበር» አልኩት።

ስለ እንዚራ ነገርኩት። እያዳመጠ እጁን ወደ ጉንጩ ወሰደና እዚያው ተወው።

«አርቲስቱን ልጅ እኮ ጠይቄዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «'ሥሩ ኖይዝ አለው፣ ላውጣው?' ብዬዋለሁ። 'ክሊን አድርገው' ነው ያለኝ። እኔ በገና ከሬዲዮ በስተቀር ሰምቼ አላውቅም ጋሼ። ሬዲዮውን ደግሞ ዝዝ ሲል ሬዲዮው ነው የሚመስለኝ።»

«ከመጽዳቱ በፊት ያለው የት ነው?»

«ባለፈው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሃርድ ዲስኩን በላው። የመዘምራኑንም፣ የሠርጉንም፣ ሁሉንም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያወጣሁት ዝዝታ ግን አለ።»

«የት?»

«ቀፎው ውስጥ።»

አልገባኝም።

«ልጁ ለቀፎው የንብ ድምፅ ፈልጎ ነበር። እንጦጦ ንብ ያለው ሰው ጋ ማይክ ይዤ ሄጄ ዓይኔ ሥር ነደፉኝና ተመለስኩ። ከዚያ ይሄ ዝዝታ ትዝ አለኝ። ቆራርጬ ገጣጠምኩና ሰጠሁት። 'ከእውነተኛው ንብ ይበልጣል' አለ። ሙዚየሙ ማሽን ላይ አለ፤ እኔ ጋ የለም። ይቅርታ ጋሼ። እኔ ሥራ ያማረልኝ መስሎኝ ነው።»

ቆርጦ ስለገጣጠመው ከንጹሑ ዜማ ጋር መልሶ ማስማማት አይቻልም፤ ብጠይቀው ሞክሮት እንደሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። ይህን ሰው መናቅ አቃተኝ፤ ይህም ቅር አሰኘኝ። ያን ሰሞን የሚናቅ ሰው ጥሩ ብርታት ይሰጠኝ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ በታክሲው መስኮት እያየሁ የታሪክ መምህር ሥራዬን ሠራሁ። ቀፎው ፊት ግድግዳ የያዝኩት ዝዝታው ምን እንደሆነ ከማወቄ በፊት ነው። ስለዚህ ጆሮዬ አልተሳሳተም፤ ትዝታዬ በማያውቀው ፈተና አለፈ። እንዲህ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ግድግዳ የያዝኩት በርግጥ ቀፎው ፊት ነበር ወይስ ዛሬ ከሰማሁ በኋላ ወደዚያ ወሰድኩት? በዚያ ቀን ለማን ተናገርኩ? ባለቤቴን ጠየቅኋት። «ደክሞኛል ብለህ ተኛህ» አለችኝ። ይህ ለሁለቱም ወገን የሚያገለግል ማስረጃ ነው።

በዚያው ዓመት ዓቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ከባለ ስቱዲዮው ጋር ወደ ቤተ መዘክሩ ወጣን። ሐሳቡ የእሱ ነበር። በገናውና ቀፎው በሁለት ክፍሎች ውስጥ ናቸው፤ መካከላቸው አንድ በር አለ። አንዳችን ዜማውን፣ ሌላችን ንዝረቱን በአንድ ጊዜ ብናስነሣ፣ በትክክል ባይገጥሙም ይገናኙ ይሆናል አለ። ጎብኚ አልነበረም። ዘበኛው ብቻ በበሩ መሐል ቆሞ የሱፍ አበባ ፍሬ ይፈለፍላል።

እኔ ቀፎው ፊት ቆምኩ። ንቦቹ ተነሡ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ለማዳመጥ ዝም ብዬ ቆምኩ። ወዲያው ጠፉ። የሴንሰሩ ጠባይ ይህ ነው፤ የሚያውቀው የሚንቀሳቀስ ሰው ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ፣ ጸጥ ብሎ የሚሰማ ሰው ለእሱ የለም። ልጆች ሆነን ጭጭ ብለን የሰማነውን የአባቴን ድምፅ ለመስማት እጄን እንደ እነዚያ ባለ ክራቫቶች ማወዛወዝ ነበረብኝ። አወዛወዝኩ። ዕድሜዬንና ትምህርቴን ይዤ በባዶ ቀፎ ፊት ንብ እንደሚያባርር ሰው እጄን ወነጨፍኩ፤ ከወዲያኛው ክፍል ባለ ስቱዲዮውም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ጥላው በወለሉ ላይ ሲወራጭ ይታየኝ ነበር። በዚያ እንቅስቃሴና ትንፋሽ መካከል እኔ የምሰማው ንቡን ብቻ፣ እሱ የሚሰማው ዜማውን ብቻ ሆነ። ሁለቱ የሚገናኙት በሩ ላይ ነው። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛው ነበር።

«አንተ» አልኩት፣ እጄን ሳላቆም። «እዚያ ሆነህ ምን ይሰማሃል?»

«ይጮኻል» አለ።

«ምን ይመስላል?»

ቅርፊቱን ከከንፈሩ አነሣና አሰበ። ከዚያ፣ ከግድግዳ ወዲያ አንድ ሰው ለብቻው የሚያጉረመርም ይመስላል አለ። መብራቱ የሄደው ወዲያው ነው፤ ሁሉም ነገር ዝም አለ፣ የእኔ እጅ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የቆመው።

በገናውን በቀጣዩ ሳምንት መልሼ ወሰድኩ። በርኩማው ዛሬም ባዶ ነው፤ የመርካቶ ቆዳ አላስገባሁበትም። ትዝታዬ ግን ምስክር አግኝቷል እያልኩ ለብዙ ዓመት ተጽናናሁ። ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ ነው፣ የዚያን ዘበኛ አፍ እንደገና ለማየት ስሞክር፣ የቃሉ ድምፅ የእሱ ሆኖ አልመጣልኝ ያለው። ምናልባት «ከግድግዳ ወዲያ ሰው የሚያጉረመርም አይመስልህም?» ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እሱም «ይመስላል ጋሼ» ብሎኝ ይሆናል። ዘበኛ ሽማግሌን አይቃወምም፤ በተለይ ሽማግሌው በባዶ ቀፎ ፊት እጁን ሲያወዛውዝ ካየው።